ንግሥቲ አልዋሸችም

የመሸኛዬ ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ተማሪ ለፈተና ዘገየ አልዘገየ እያልሁ ስከራከር ዕድሜዬን ለጨረስሁት ለእኔ፣ ጡረታ ስወጣ ሰዓት! ሣሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ቡሬካስና ሐብሐብ ደርድረው፣ ሊቀመንበሯ ኦርሊ ማይክ ይዛ «ትርንጎ የአጉዳችን እናት ናት» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ማይኩን ተቀበልኋትና «እናት ካላችሁኝ እንግዲያው ያልጨረስሁት የልጅ ጉዳይ አለኝ። ሰዓቱን መልሳችሁ ውሰዱና የንግሥቲን ጉዳይ ጨርሱልኝ» አልሁ። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ለቀልድ የሚሆን ሆድ አልነበረኝም።

አጉዳ የሚሉት የተማሪዎችን ማኅበር ነው። እኔ የሠራሁበት አጉዳ ሀይፋ ውስጥ ባለ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ከጠራሁት ሰዉ ስለ ሕንጻው ያወራል፣ እኔ ደግሞ ማውራት የምፈልገው ስለ ልጆቹ ነው።

የተማሪ ማኅበር ሲባል ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የተማሪዎች ቀን ነው፤ ዘፈኑ፣ ቢራው፣ በማግስቱ ሣሩ ላይ የሚለቀመው ቆሻሻ። ሌላው ክፍያ ሲጨመር መንገድ መዝጋት ነው። ሁለቱም አለ፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። በሁለቱ መካከል ግን ማንም ዘፈን የማያወጣለት ሥራ አለ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነበር። በለቅሷ ሳምንት ፈተና የወደቀባት፣ ከሚሉኢም፣ ማለትም ከተጠባባቂ ጦር ግዳጅ ሲመለስ ኮርሱ አልቆ የጠበቀው፣ ሳይቀዳ ቀዳህ የተባለ፣ እነዚህ ሁሉ እኔ ክፍል ይመጣሉ። አብሬያቸው ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴው እገባለሁ፣ አብሬያቸው እከራከራለሁ። ደመወዙን አትጠይቁኝ፤ የሚወራ አይደለም።

መጀመሪያ የተቀጠርሁት ፎቶኮፒ ክፍል ነበር። ያኔ መምህሩ አንብቡ የሚለውን ጽሑፍ ሁሉ እየጠረዘ የሚሸጠው አጉዳ ነው፤ እንዳሁኑ በስልክ የለም። ከኢትዮጵያ መጥቶ ቤተሰቤ የሰፈረው ሃሊሳ በሚባል የሀይፋ ሰፈር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ተራራውን እወጣና ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ እውላለሁ። የዕብራይስጥ ንባቤ የቀናው በዚያ ነው፤ ለሰው ስቀዳ ለራሴም እያነበብሁ። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ሰልፉን ጥሶ ገባ። እኔም ማሽኑን አጠፋሁና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ማሽኑ ሰልፍ ያውቃል፤ ሰው እስኪያውቅ እየጠበቀ ነው» አልሁት። ከኋላው ያለው ሰልፍ እሱን ሲያበሻቅጠው ራሱ ወጣ። ይህን ጊዜ አንዲት አጭር ሴትዮ በር ላይ ቆማ ኖሯል። «አንቺ ልጅ ሳትጮሂ ነው የምትጣዪው። ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነሽ» አለችኝ።

ጺፖራ ናት። ከሩማንያ የመጣች፣ ቁመቷ ከትከሻዬ የማያልፍ፣ ድምጿ ግን እንደ ወንድ የወፈረ። የተማሪ መብት ክፍሉን ያቆመችው እሷ ነበረች። ሊቀመንበሮቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፣ እሷ ግን ቁጭ ነው። ፕሮፌሰሮቹ ኮሪደር ላይ ሲያይዋት መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ እውነቴን ነው።

የሥራውን ምሥጢር ያስተማረችኝ በወግ በማዕርግ አይደለም፤ ሥር ሥሯ ስል ነው ያየሁት። ተማሪ ኮሚቴ ፊት በሚቀርብበት ዋዜማ ወደ ክፍሉ ትገባና ከተከሳሹ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዝም ብላ ታያለች። መጀመሪያ ጊዜ «ምን እያየሽ ነው?» ብላት «አንቺም ተቀመጪና ንገሪኝ» አለችኝ። ተቀመጥሁ። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። «አየሽ? ልጁ ዓይኑን ያጨማድዳል። እነሱ ደግሞ ከፀሐዩ ወዲያ ተቀምጠው፣ ይኼ ልጅ ዓይናችንን ማየት አቃተው፣ ውሸታም ነው ይላሉ» አለችና መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የተከሳሽ ወንበር ላይ ሳልቀመጥ የገባሁበት ጉዳይ የለም።

ልጁን ታሪኩን ሦስት ጊዜ ታስወራዋለች። «የመጀመሪያው ለልቅሶው ነው። ሁለተኛው ለንዴቱ ነው። ሦስተኛው ነው የእኛ» ትላለች። ከሦስተኛው በኋላ ከቦርሳዋ ኪያር አውጥታ ትልጣለች፣ ጨው ትነሰንስበታለች፣ «ብላ» ትለዋለች። አልራበኝም የሚል አይጠፋም። «አልጠየቅሁህም። ያልበላ ሰው ሲጠየቅ ቶሎ እሺ ይላል» ትለዋለች። ሆዱ እህል የገባበት ልጅ በእርግጥም ቀስ ብሎ ነው የሚመልስ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ይቅርታ። ኮሚቴው «ይቅርታ ጠይቅና በቀላሉ እንለፍህ» ማለት ይወዳል። ጺፖራ ይህን ስትሰማ አንገቷ ደም ይለብሳል። «ያላጠፋ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። ከጠየቀ፣ ያልነበረውን ጥፋት በገዛ አፉ ወለደው» ትላለች። ይህን ቃሏን ያኔ እንደ ዋዛ ሰማሁት፤ ኋላ ግን ዕዳ ሆኖብኛል።

አለቆቼ ሁሉ ልጅ እግር ነበሩ። አንዱ ከቢራ በቀር ሌላ አጀንዳ አልነበረውም፤ የተማሪዎች ቀን ሲደርስ ዓይኑ ይበራል፣ ያን ቀን ካለፈ በኋላ ፈልገህ አታገኘውም። አንዱ ግን ክፍያ የተጨመረ ጊዜ ተማሪውን አስነሥቶ ወደ ነሸር ከተማ የሚወርደውን መንገድ ዘጋ። ጺፖራ ታጣፊ ወንበሯን ይዛ መጥታ መስቀለኛው መንገድ ላይ ተዘረጋች። እኔም ከአጠገቧ። አንድ ፖሊስ መጥቶ «ክብርት እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ተማሪ ነዎት?» አላት። «ገና አልጨረስሁም» አለችው ኪያሯን እየላጠች። ፖሊሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። የቆመው አውቶቡስ ሹፌር እንኳ ወርዶ አንድ ኪያር በልቶ ተመልሷል። ጭማሪው ግማሹ ተነሣ፤ ግማሹ ቀረ። እንዲህ ነው፣ አጉዳ ሁሉን አያሸንፍም።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ንግሥቲ መድረስ እየከበደኝ ነው። እንግዲህ ልድረስ።

ንግሥቲ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነበረች፤ ሁለተኛ ዓመት። ትግራይ ሽሬ የተወለደች፣ እዚህ ሃሊሳ ያደገች። ዝምተኛ፣ ግን ከተናገረች የማታጥፍ። የወለዷት እማማ አልጋነሽ ይባላሉ። ያሳደገቻት ደግሞ የእማማ አልጋነሽ ታላቅ እህት ለተብርሃን ናት። ለተብርሃን መውለድ አልሆነላትም። በአገራችን እንዲህ ሲሆን እህት ለእህቷ ልጅ ትሰጣለች፤ ንግሥቲም ጡት እንደጣለች ተሰጠች። መስጠት ስል የአፍ አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ ነው። ከዚያ ወዲያ የወለደችው «ልጄ» ብላ አትጠራትም፤ ነውር ነው። እዚህ አገር ሲገቡ ግን መዝጋቢው «ማን ወለዳት?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። «አልጋነሽ» አሉት፤ ጻፈ። ማን አሳደጋት ብሎ አልጠየቀም፤ ያልተጠየቀውን ደግሞ ማን ይመልሳል?

ለተብርሃን በፈተናው ወራት አረፈች። ንግሥቲ ሰባቱን ቀን ለቅሶ ተቀመጠች፣ ፈተናው አለፋት። ተመልሳ «እናቴ ሞታብኝ ነው፣ ሌላ ቀን ፈትኑኝ» ብላ አመለከተች። ደንቡ እናት አባት፣ ወንድም እህት፣ ባል ሚስት፣ ልጅ ለሞተበት ይፈቅዳል። ፈቀዱላት። ኋላ ግን አንዱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የለቅሶውን ማስታወቂያና በመታወቂያዋ ላይ ያለውን የእናት ስም አስተያየና «ይቺ እናቷ አይደለችም» አለ። ክስ መጣ። ፈተና ለማግኘት በእናት ሞት መዋሸት! ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ከችሎቱ በፊት ጠሩኝ። ልጅቱ ዋሽቻለሁ ብላ ትፈርም፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ በተግሣጽ እናልፋታለን፣ ፈተናውንም ትወስዳለች አሉኝ። ደግነት መስሏቸው ነው። ለንግሥቲ ነገርኋት፤ መንገር ግዴታዬ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ትርንጎ፣ እናቴ አይደለችም ብዬ ልፈርም? አፈሯ እንኳ ሳይደርቅ?»

«እኔ ፈርሚ አላልሁሽም፤ ያሉትን ነው የነገርሁሽ።»

«እንግዲያው ንገሪያቸው። ዲግሪውን ይውሰዱት። እናቴን ግን አልሰጣቸውም።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ይዤ አልሸነፍም አልሁ።

አስቤ አስቤ አንድ ምስክር መረጥሁ፤ እማማ አልጋነሽን። ጺፖራ ያኔ ጡረታዋ ደርሶ ነበር። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከሰማይ በታች የለም» አልኋት። እስቲ እናንተው ፍረዱ። በእኛ ዘንድ ወላድ እናት ሸንጎ ፊት ቆማ «የእኔ አይደለችም፣ የእህቴ ናት» ካለች ማን አፉን ይከፍታል? የራሷን ማሕፀን ክዳ ስትመሰክር ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ? ከሀይፋ አጠገብ ክርያት ሞጽኪን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኋቸው። ገና ሳልጨርስ ነጠላቸውን አነሡ። «ለእህቴ ስም ነው፣ አይደል? በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አሉ።

ዋዜማውን ከወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ። ሦስት ጊዜ አስወራኋት። ኪያሩንም በላች። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ኮሚቴው ተሰየመ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። እማማ አልጋነሽ ገብተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሰብሳቢው «ለልጅቱ ምኗ ነዎት?» ሲሏቸው እኔ አስተረጎምሁ።

«እኔ ወለድኋት» አሉ እማማ አልጋነሽ። ድምጻቸው አይንቀጠቀጥም። «ልጅነቷ ግን የእህቴ ነው። ከሰጠኋት ቀን ጀምሮ ልጄ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ስትታመም እህቴ ናት ያስታመመቻት፣ ስትወድቅም እህቴ ናት የያዘቻት። እኔ አክስቷ ነኝ። የሞተችው እናቷ ናት። ይኸው በቆምሁበት እመሰክራለሁ።»

ይህን ቃል በቃል ተረጎምሁ። ንግሥቲ ዕንባዋ ወረደ፤ በዕድሜዋ ሙሉ ይህን ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። አሸነፍን አልሁ በሆዴ። እምላችኋለሁ፣ አሸነፍን ብዬ ነበር።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወለድኋት ነው ያሉት? እርግጠኛ ነሽ በትርጉሙ?»

«አዎ፣ ግን የቀረውንም…»

«ስለዚህ የተማሪዋ እናት በሕይወት አለች። ፊታችን ቆማለች። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

በቃ። የሄድንበትን መንገድ ሁሉ አንድ ቃል ቆረጠው። ለእኛ ከምስክርነት ሁሉ የከበደው፣ ለእነሱ የጥፋቷ ማረጋገጫ ሆነ። አንድ ዓመት ከትምህርት አገዷት፣ በፋይሏ ላይም «ሐሰተኛ ቃል ሰጥታለች» ብለው ጻፉ። ሰዎች እስከ ዛሬ «ባታመጫቸው ኖሮ» ይሉኛል። ኧረ ተዉኝ! ዛሬም ቢሆን አመጣቸዋለሁ። የተናገሩት እውነት ነው፤ ጥፋቱ እውነትን መስማት ያልቻለው ጆሮ ነው እንጂ የእሳቸው አፍ አይደለም።

ኮሪደሩ ላይ ቆምን። እማማ አልጋነሽ «ምን አሉ ልጄ?» አሉኝ። መልሱን ከፊቴ ላይ አነበቡት። የንግሥቲን እጅ ይዘው በእኔ እጅ ላይ አኖሩት።

«ስሚኝ» አሉ። «እኔ አንድ ጊዜ ለእህቴ ሰጠኋት፤ እህቴ በደንብ ያዘችልኝ። አሁን ደግሞ ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። እውነቷ እስኪወጣ ድረስ ልጅሽ ናት። አደራ በላ አትሁኚ።»

«እሺ እማማ፣ በእግዚአብሔር ፊት ተቀብያለሁ» አልሁ። አጎንብሼ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

ወደ ክፍሌ ስገባ ጺፖራ ተቀምጣለች። ኪያር ልጣ አስቀምጣለች፤ አልበላሁም፣ እሷም ብይ አላለችኝም። «ዛሬ አልቅሺ። ነገ ሌላ ልጅ ይመጣልና ፊትሽን ታጥበሽ ትመጪያለሽ። የተሸነፍሽበትን ግን ከጠረጴዛሽ ላይ አታንሺው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች፤ ጡረታ ወጣች፣ ዛሬ በሕይወት የለችም። እኔም እንዳለችኝ አደረግሁ። አዲስ ሊቀመንበር በተመረጠ ቁጥር እንኳን ደስ ያለህ ከማለቴ በፊት የንግሥቲን ነገር አጫውተዋለሁ። የቢራው ሊቀመንበር «ይቺ ልጅ ገና ተማሪ ናት እንዴ?» አለኝ፤ ሌላው «ጉዳዩ ተዘግቷል» አለኝ። «አንተ ትዘጋለህ፣ እኔ እከፍታለሁ፤ እስቲ ማን ቀድሞ ይደክመዋል» አልሁት።

ንግሥቲ ከዓመቱ በኋላ መመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም። «ሐሰተኛ ተብዬ ምን ብዬ የሰው ችግር አደምጣለሁ?» አለችኝ። ነሸር ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ገብታ ሽማግሌ ማጠብ፣ ማብላት ጀመረች። ኋላ የፈረቃው ኃላፊ ሆነች። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ ስለ ትምህርት ግን አናነሣም ነበር።

ደንቡ የተለወጠው ከገሊላ መንደር በመጣች አንዲት ዐረብ ልጅ እጅ ነው። ከግቢው ውጭ አገሩ በተናወጠ ቁጥር የእኛም ኮሪደር ይናወጣል፤ አይሁዱና ዐረቡ ተማሪ በአንድ ምርጫ ጣቢያ ተገናኝቶ ሲሰዳደብ ስንት ጊዜ መሐል ገብቻለሁ። ይቺ ልጅ ግን ከሁለቱም ሰብስባ አንድ የዕጩዎች ዝርዝር ይዛ ለምርጫ ቀረበችና ሊቀመንበርነቱን አሸነፈች። የንግሥቲን ነገር ስነግራት አላስጨረሰችኝም። «እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። እሷ ብትሞት እኔም እንደዚያው ነው የምለው» አለች። አንድ ዓመት ሙሉ ተከራክራ፣ የተማሪውን ድጋፍ አሰባስባ፣ በደንቡ ላይ «ወይም ያሳደገው» የሚል አስገባች። ዕልል አልሁ፤ ቢሮ ውስጥ፣ ብቻዬን። ነገር ግን አዲስ ደንብ ወደ ኋላ አይመለከትም አሉ። የንግሥቲ ነገር እንዳለ ቀረ።

አሁን ወደ ኦርሊ ልመለስ። ወላጆቿ ከጎንደር ናቸው፣ እሷ እዚሁ ሀይፋ የተወለደች። አንቱ የሚባል አታውቅም፣ እኔንም አያቷንም አንቺ ነው የምትል፤ ግን ልቧ ቀና ነው። ጡረታዬ ሲቃረብ ስልኳን አወጣችና አዲሱን መተግበሪያ አሳየችኝ።

«ትርንጎ፣ ተመልከች። ተማሪው ይጽፋል፣ እሱ ወዲያው ይመልሳል። ሰው አያስፈልግም። ቤሰደር?»

«ኪያር ይልጣል?» አልኋት።

«ማ? ምን አልሽ?»

«ምንም። ቤሰደር፣ ይሁን።»

በመሸኛዬ ቀን ሣሩ ላይ የተናገርሁት ግን ሆዷ ገብቶ ኖሯል። ኦርሊ በማግስቱ ደውላ ታሪኩን ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና ንገሪኝ አለችኝ፤ ነገርኋት። በዚያው ሰሞን ንግሥቲም ደወለች። «እትዬ ትርንጎ፣ ትምህርቴን ልጨርስ ነው። እማማ አልጋነሽ ደክመዋል፤ ሳይሄዱ እውነቱን ይስሙ ብዬ ነው» አለችኝ። ኦርሊ ማመልከቻውን ይዛ ገባች። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ጊዜው ስላለፈ ከፋይሉ ላይ እንሰርዘዋለን፣ ትመለስ፣ አለቀ።

ኦርሊ ደስታዋን አልቻለችውም። «አሸነፍን! ያላ፣ ፈርሚና እንግባ!»

ንግሥቲ ራሷን ነቀነቀች። «መሰረዝማ ይቅር ማለት ነው። እኔ ይቅር በሉኝ አላልሁም። ያኔ የተናገርሁት እውነት ነበር ብለው ይጻፉ።»

«ማ ፒቶም! እንዴት ሆኖ! ትርንጎ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ!»

«ምን ልንገራት? ትክክል ናት» አልሁ።

ኦርሊ ሁለታችንንም አየች፣ አናደድናት። ከዚያ ግን ተነሥታ ችሎቱ ይከፈት ብላ ጻፈች። እሷም ከእኛው ናት፤ ደም አይዋሽም።

ይከፈት ተባለ። አንድ ነገር ቀረ። ደንቡ ለተማሪዋ አንድ ሰው ነው አብሮ እንዲገባ የሚፈቅድ፤ የአጉዳ ተወካይ ወይም የቅርብ ቤተሰብ። ኦርሊ «ተወካይዋ እኔ ነኝ። አንቺ ውጭ ቁጭ በይ፤ ከእንግዲህ ሠራተኛ አይደለሽም» አለችኝ። ሐቅ ነው። ንግሥቲ ግን «የጀመረችው ትጨርሰው። ካልገባች እኔም አልገባም» አለች። «በር ላይ እንተያያለን» አልሁ።

የችሎቱ ዕለት ከቀትር በኋላ ከእነሱ ቀድሜ ደረስሁ። ጽዳት የምትሠራዋ ታውቀኛለች፣ ከፈተችልኝ። ከተከሳሿ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው። መጋረጃው አሁን በማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚወርድ፤ ጥቂት ታግዬ አወረድሁት። ኮሪደር ላይ ኪያር ልጬ ጨው ነሰነስሁበት። ንግሥቲ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ እንደ ልጅ ተቀበለችኝና በላች። ኦርሊ ግራ ገብቷት ስታየን «ላንቺም አለ፣ ብይ» አልኋት።

ተጠራን። ንግሥቲ ገባች፣ እኔም ተከተልሁ። የአሁኗ ሰብሳቢ ሴት ናት፣ ያን ጊዜ ያልነበረች። ወረቀቷን አገላበጠች።

«እዚህ አጉዳው የላከው ተወካይ ኦርሊ ናት ይላል። እርስዎ በምን ገቡ? ለአመልካቿ ምኗ ነዎት?»

የእማማ አልጋነሽ እጅ በእጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

«እናቷ ነኝ» አልሁ።

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ሰብሳቢዋ ወደ መታወቂያው ቅጂ ጎንበስ አለች። «እዚህ ያለው ስም ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ። አንዷ ወለደቻት። አንዷ አሳደገቻት። ሁለተኛዋ ስትሞት የመጀመሪያዋ ከዚህ ክፍል በር ላይ የልጅቱን እጅ በእጄ አኑራ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ናት። ይህ ሐሰት ከሆነ ክሱን ሁለት አድርጉት፣ በእኔም ላይ ጻፉት። ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ እሷም አትጠይቅም። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ያኔም እውነት ነበር።»

ከኋላዬ በሩ ሳይዘጋ ኖሮ ኦርሊ ቆማለች፤ እስትንፋሷን ሰማሁት።

ውሳኔው በጽሑፍ የደረሰን ከሳምንታት በኋላ ነው። ንግሥቲ ያኔ የሰጠችው ቃል እውነት ነበር ይላል። ክርያት ሞጽኪን ሄጄ፣ ለእማማ አልጋነሽ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ተረጎምሁላቸው፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። እኔ ግን ውሳኔውን የሰማሁት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ሰብሳቢዋ የመታወቂያውን ቅጂ ወደ ጎን አኖረች። ከዚያ እኔን ትታ ወደ ንግሥቲ ዞረች፣ ያን ጊዜ ማንም ሊጠይቃት ያላሰበውን ጠየቀቻት።

«የሞተችው እናትሽ ስሟ ማን ነበር?»

«ለተብርሃን» አለች ንግሥቲ፣ በሹክሹክታ።

ጸሐፊዋ አልሰማቻትም። «እንደገና?» አለች።

ንግሥቲ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

«ለተብርሃን። እናቴ።»